መጠበቅን የተማሩት መሪጌታ

ደብረ ማርቆስ
ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ ለየብርጓል
ጅማ

ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? ባልሽስ? ትንሹ ዘመነስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እናትሽም አገር ቤት ዲማ ደህና ናት። ላሟ ወልዳላት፣ ስደውልላት የምታወራኝ ስለ ጥጃዋ ብቻ ሆኗል።

"አባባን ምን ማርቆስ አከረማቸው?" ሳትዪ አልቀረሽም። በስልክ "ለጉዳይ ነው" እያልኩ ያለፍኩሽ ሥልጠናዬ እስኪያልቅ ብዬ ነው። አሁን አልቋልና ስሚኝ፦ አባትሽ ረዳት መምህር ሆኗል!

የቅኔ እንዳይመስልሽ። ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች በሚማሩበት ክፍል ከመምህሯ ጎን ሆኖ ልጆቹን የሚያግዝ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ጥምጥሜን እንዳደረግሁ ስገባ፣ ሠልጣኞቹ (ሁሉም ያንቺ ታናናሾች ናቸው) አስተማሪው መጣ ብለው ብድግ አሉ። ሄጄ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ስል የሳቁት ሳቅ! አሠልጣኛችን ሃኒ የምትባል ልጅ ናት፤ እሷም ብትሆን ካንቺ አትበልጥ። "መሪጌታ፣ እርስዎስ ከፊት ይሁኑልኝ" ብላ አስነሥታ አመጣችኝ።

ለልምምድ የተመደብኩት ፈውዚያ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ጋ ነው። አባቷ አቶ አብዱልቃኒ የደምበጫ ሰው ናቸው፤ እዚህ ማርቆስ ጨርቅ ይነግዳሉ። ልጅቱ ዳውን ሲንድረም ከሚሉት ነገር ጋር ነው የተወለደች። በሽታ አይደለም፤ አፈጣጠር ነው፤ ከዓይኖቿ ያስታውቃል፣ ልቧንም ሐኪም ይከታተልላታል። ነገር የሚገባት ቀስ ብሎ ነው፤ ንግግሯም ይዘገያል። ሳቋ ግን አይዘገይም።

መጀመሪያ የተገናኘን ዕለት ያንን ማኅሌት የለመደ ድምፄን ለቅቄ "ስምሽ ማነው?" ብላት ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ደገምኩላት። ተነሥታ መጣችና በመዳፏ አፌን ክድን!

ሃኒ እየሳቀች፣ "መሪጌታ፣ አንድ ጊዜ ከጠየቋት ይበቃል። ከዚያ ይጠብቋት" አለችኝ።

"እስከ መቼ?"

"እስክትመልስ ድረስ።"

ታውቂኛለሽ፤ እኔን ከጾም ይልቅ ዝም ማለት ይከብደኛል። ደቀ መዝሙሬ ቅኔ ሲዘርፍ ትንሽ ከዘገየ ቤቱን የምሞላለት እኔ ነኝ። እዚያ ግን ከንፈሬን ነክሼ መቀመጥ ሆነ። ዝም ብዬ ሳያት ነው ጭብጨባ እንደምትወድ የገባኝ። ስሟን በጭብጨባ ከፋፈልንላት፤ ፈው፣ ዚ፣ ያ። አቶ አብዱልቃኒ ሊወስዷት መጥተው በር ላይ ቆመው አዩን።

"መሪጌታ፣ ልጄን ማኅሌት ሊያስቆሙብኝ ነው እንዴ?"

"ኧረ በስሟ ብቻ ነው የምናጨበጭበው!" አልኳቸው፤ ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ከዚያ ወዲያ ሱቃቸው ውስጥ ገበያተኛ አስቁመው አብረዋት ያጨበጭባሉ አሉ።

የምዘናዬ ዕለት ርዕሰ መምህሩና መዛኞቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከወደቅሁ ከዚያ ክፍል መሰናበቴ ነው። ፈውዚያን ቀስ ብዬ "ስምሽ ማነው?" አልኳት። መስኮቱን አየች። ጫማዋን አየች። አንዱ መዛኝ ጉሮሮውን ጠረገ። ስሟ ምላሴ ላይ ነው፤ ባቀብላት ወዲያው ትደግመው ነበር። አላቀበልኳትም። በኋላ እጆቿን አነሣችና "ፈው። ዚ። ያ።" ጥርት አድርጋ! ሃኒ እልል አለች። ፈውዚያ ግን ገና አልጨረሰችም። ጣቷን ደረቴ ላይ አድርጋ፦

"አንተስ?"

እናቴ ከሞተች ወዲህ "አንተ" ያለኝ ሰው የለም፤ እናትሽ እንኳ አንቱ ነው የምትለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። እሷም ዝም ብላ ጠበቀችኝ! "ውበቱ" አልኳት። "ው። በ። ቱ።" ብላ አጨበጨበችልኝ። መዛኞቹ ሳይቀሩ ተነሥተው አጨበጨቡ። አለፍኩ፣ ልጄ። ለመስከረም እዚያው ክፍል ሥራ እጀምራለሁ።

"በዚህ ዕድሜ ምን ነካዎት?" ለሚለኝ ሰው ሁሉ ጊዜ ተርፎኝ ነው እላለሁ።

አሁን ስለ ዘመነ እናውራ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስከ ዛሬ አላየነውም። ብርድ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው ትያለሽ። በምትልኪልን ፎቶ ሁሉ ኮፍያው ዓይኑ ድረስ ወርዷል። እናትሽ "ምነው ልጁን እንዲህ ሸፈነችው?" ስትል እኔ ወሬ እለውጣለሁ። አንቺንም አልጠይቅሽም። ይህን ብቻ ያዢልኝ፦ ለመራመድ ቢዘገይ አትደንግጪ፤ ለመናገር ቢዘገይም አትደንግጪ። ልቡን ግን ሐኪም ይይልሽ፤ ሃኒ ይህን አጥብቃ አስተምራናለች። ያጠፋሽው ምንም ነገር የለም፣ ልጄ። ምንም።

ክረምት ሳይገባ ይዘሽው ነይ። ከማርቆስ አብረን እንሳፈራለን። ቅዳሜን ቢቸና አድረን ዲማ የምንገባው እሁድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ይሁንልኝ። ኮፍያ የለ፣ መሸፈኛ የለ። በትከሻዬ ተሸክሜው በሕዝቡ መካከል አልፋለሁ። ደብሩ ሁሉ የልጅ ልጄን እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ።

የዲማው ጊዮርጊስ ለዘመነ ጉልበት፣ ላንቺ የሰላም እንቅልፍ፣ ለቤትሽ ሳቅ ይስጥልኝ።

አባትሽ
መሪጌታ ውበቱ፣ የዘመነ አያት