በተራ ቁጥር አሥራ አራት በሙሉ ልብ ስለመስማማቴ

ለተከበሩ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
በቢሮዎ

ጉዳዩ፦ ሳላነብ ስለሞላሁት ቅጽ እና ሳይነበብ ስለቀረው መልሴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ለአሥራ አንድ ቀናት በርዎን ባንኳኳሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎ ስለተነገረኝ፣ ያን ያህል ስብሰባ የተቀመጠ ወገብ እንዴት ሰንብቶ ይሆን የሚል ሐሳብ አድሮብኛል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ለወጉ ያህል ነው፤ ደህና አለመሆኔን የሚነግረኝ ስሜት ከጠፋብኝ ሰንብቷል። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲነካው የሌላ ሰው ጉንጭ እንደሚመስለው፣ እኔም የስንብት ደብዳቤዬን ሳነብ የማላውቀው ሰው ደብዳቤ ነበር የመሰለኝ።

ባያስታውሱኝ አልቀየምዎትም። ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ሁለት የተባለውን ኮርስ ሦስት ጊዜ ተመዝግቤ ሦስት ጊዜ የወደቅሁ፣ በደንቡም መሠረት ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲው የተሰናበትኩ ተማሪዎ ነኝ። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ የእኔ አርባ ስምንት። የመልስ ወረቀቴ እንደገና እንዲታይልኝ ያቀረብኩትን አቤቱታ ኮሚቴዎ ውድቅ አድርጎታል። እንግዲህ መሄዴ ካልቀረ፣ ሳላመሰግን ሹልክ ብዬ መውጣት የአስተዳደግ ጉድለት ይሆንብኛል ብዬ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አዘጋጅቻለሁ።

1. ስለ መምህራችን አመሰግናለሁ። እኛ ተማሪዎቻቸው «እንደሚታወቀው» እያልን እንጠራቸዋለን፤ ለንቀት እንዳይመስልብኝ፣ እሳቸው ያለዚህ ቃል አፋቸውን ስለማይከፍቱ ነው። «እንደሚታወቀው» ባሉ ቁጥር ሰባ ስምንት ሰው ዞር ዞር እያለ ያ የሚያውቀው ሰው የት እንደተቀመጠ ይፈልጋል። በቀኝ እጃቸው ይጽፋሉ፣ በግራ እጃቸው ዳስተር ይዘው ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ያጠፋሉ። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ በማንኛውም ሰዓት የሚገኘው የሒሳቡ መሐል ብቻ ነው፤ መጀመሪያው ጠፍቷል፣ መጨረሻው ገና አልተጻፈም። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አንድ ቀን ደፍራ ሦስተኛው መስመር ከየት እንደመጣ ብትጠይቃቸው፣ «ከሁለተኛው» ብለው መለሱላት። መልሱ ትክክል ስለነበረ ማናችንም ቅር አላለንም። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ እጇን አላወጣችም፤ ሌሎቻችንም ከእሷ ተምረናል።

2. ስለ መማሪያ ጽሑፉ አመሰግናለሁ። ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት የምንገዛው ይህ ጥራዝ የኮፒ ኮፒ እየተደረገ ስንት ትውልድ ስለተሻገረ፣ ትንንሾቹ ቁጥሮች ወረቀቱ ላይ የሞቱ ትንኞች መስለዋል። ገጽ አርባ አንድ የለም። ፎቶ ኮፒ አንሺዋ ደግ ሴት ናት፤ መጀመሪያ ዓመት ላይ ገጹን ፍለጋ ስሄድባት ከልቧ አዝና፣ «የኔ ልጅ፣ አርባ አንድን ተወው፤ እኔ እዚህ ስቀጠርም አልነበረም» አለችኝ። ሆኖም በሦስቱም ዓመታት ፈተና ላይ ከገጽ አርባ አንድ ጥያቄ ወጥቷል። በዚህ ዘመን ይህን ያህል የማይለወጥ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም።

3. ስለ አስተያየት መስጫ ቅጹ አመሰግናለሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድዘገይ ይፍቀዱልኝ።

የተማሪ ድምፅ ይሰማ ዘንድ በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ሃያ ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ እንደሚያድሉን ያውቃሉ። ቅጹን ያልሞላ ውጤቱን አያይም። መምህሩ ከክፍል ይወጣሉ፣ የክፍል ተጠሪያችን ወረቀቱን ይበትናል፣ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል፣ ቀጣዩ ክፍል ያለው ሕዝብ በሩን እየገፋ ነው። ተጠሪው «ቶሎ ቶሎ በሉ እንጂ! ምን ይነበባል?» ይላል። በዚህ ግቢ አንድም ቀን ማንም ሳያስተምረን ሁላችንም አንድ ዓይነት የምንሠራው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ «በሙሉ ልብ እስማማለሁ» ከሚለው የመጨረሻው ሣጥን እንጀምርና ከአንድ እስከ ሃያ አንድ ቀጥ ያለ መስመር እናወርዳለን። ከዚያ ለስታቲስቲክስ ሲባል የመታወቂያ ቁጥራችንን ጽፈን እንፈርማለን። እኔ ይህን መስመር ሦስት ጊዜ አውርጃለሁ። በዩኒቨርሲቲው ቆይታዬ ያለ ስህተት የሣልኩት ብቸኛ መስመርም እሱ ነው።

በዚህ መሠረት መምህራችን በግልጽ እንደሚያስረዱ፣ ጥያቄ እንደሚያበረታቱ፣ የፈተና ወረቀት በሳምንቱ ከማብራሪያ ጋር እንደሚመልሱ ሰባ ስምንታችንም በሙሉ ልብ ተስማምተናል። በቢሮዎ ኮሪደር ላይ በመስታወት ተከቶ የተሰቀለው የምስጉን መምህርነት ምስክር ወረቀታቸው የእጃችን ሥራ መሆኑን ሳስብ፣ ኩራት ሊሰማኝ ይገባ ነበር።

ችግሩ ተራ ቁጥር አሥራ አራት ነው። አሥራ አራተኛው እንደሌሎቹ ስለ መምህሩ አይጠይቅም፤ «ትምህርቱን ባልረዳ፣ ምክንያቱ የራሴ የዝግጅት ማነስ መሆኑን አምናለሁ» ይላል። በዚህም በሙሉ ልብ ተስማምቻለሁ። ሦስት ጊዜ።

4. የመልስ ወረቀቴን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ኮሪደሩ ላይ በተዘረጋ ጠረጴዛ፣ ቆሜ፣ ለአምስት ደቂቃ። የአራተኛውን ጥያቄ መልስ ቦታ ስላነሰኝ ከወረቀቱ ጀርባ ነበር የጨረስኩት፤ ሙሉ ገጽ ነው። ፊቱ ላይ የመምህሩ ቀይ ብዕር ከላይ እስከ ታች ተመላልሷል፤ ጀርባው እኔ እንደተውኩት ንጹሕ ነበር፤ አንዲት ቀይ ነጥብ እንኳ አልነካችውም። ለጠረጴዛው ጠባቂ ባሳየው፣ «እኔ ወረቀት ጠባቂ ነኝ፤ እሱን ለእነሱ ንገራቸው» አለኝ። ነገሩ እውነት ስለሆነ ለእናንተ ጻፍኩ። መልሱ ትክክል ይሁን ስህተት አላውቅም፤ እንዲነበብ ብቻ ነበር የጠየቅሁት። ለማለፍ የጎደለኝ ሁለት ነው፤ ያ ገጽ የሚይዘው አሥር ነጥብ።

5. በመጨረሻም ኮሚቴዎን አመሰግናለሁ። የውሳኔው ደብዳቤ አጭርና የጠራ ነው። አመልካቹ ለመውደቁ ምክንያት የራሱ የዝግጅት ማነስ መሆኑን በሦስት የተለያዩ ዓመታት በፊርማው ያረጋገጠ በመሆኑ፣ ምክንያታዊ ሰው ደግሞ ያላመነበትን ነገር ስለማይመርጥ፣ ወረቀቱን እንደገና ማየት አላስፈለገም ይላል። ከፈራሚዎቹ አንዱ መምህራችን ናቸው። ሰው ሁሉ ምክንያታዊ ነው ብለን እንነሳ የምትለዋ የኮርሱ የመጀመሪያ ትምህርት ናት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰሌዳ ወርዳ ሥራ ስትሠራ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ጥፋቴን አልክድም። ቅጹን ሳላነብ ፈርሜያለሁ። መምህራችንም ወረቀቴን ሳያነቡ ፈርመዋል። ልዩነታችን የእኔ ፊርማ በማስረጃነት መያዙ ነው።

በዚህ ሁሉ እንዳልተቆጣሁ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። መምህራችን ኢንዲፈረንስ ከርቭ የሚሉትን፣ ሸማቹ በላዩ ላይ የትም ቢቆም ይኼም ሆነ ያ ግድ የማይሰጠውን መስመር፣ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁን እዚያው ላይ ቆሜ ነው የምጽፍልዎ። ጠዋት እነሳለሁ፣ የሌለኝ ክፍል ሰዓት ሲደርስ ሰዓቴን አያለሁ፣ መልሼ እቀመጣለሁ።

ጥቂት የሚቆረቁረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከእናቴ በኋላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። መጀመሪያ ኮርሱን የወሰድኩ ዓመት ለምረቃዬ ጥቁር ሱፍ ሰፋችልኝ። ወደቅሁ። በሁለተኛው ዓመት ትከሻዬ ሰፍቶ ስለነበር ፈትታ አሰፋችው። ወደቅሁ። ዘንድሮ ከስቼ ስለነበር አጠበበችው። ሱፉ በሱቋ በር በኩል በማንጠልጠያ ተሰቅሏል፤ ደንበኞች «ይኼ የሚሸጥ ነው?» ሲሏት «የወንድሜ ነው፤ ሊመረቅ ነው» ትላለች። መሰናበቴን ስነግራት ስፌት ማሽኑን አቁማ ክሩን ቆረጠችና መልሳ ቀጠለች። ማታውን ሱፉን ከማንጠልጠያው ታወርደዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አላወረደችውም። እሱን ሳይ ብቻ፣ ማደንዘዣው ለቅጽበት ለቀቅ ያደርገኛል፤ ያማልም።

ስለዚህ በመጨረሻ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ያን ወረቀት ይገልብጡት። ውጤት እንዲጨምሩልኝ አልጠየቅሁም፤ ይገልብጡትና ያንብቡት። ስህተት ከሆነ ስህተት ነው ይበሉኝ፤ እኔም ለእህቴ ተነብቦ ነው የወደቅሁት እላታለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ስብሰባዎችዎ እና በርዎ ላይ ስለተለጠፈው «ድምፅዎ ለእኛ ዋጋ አለው» ስለሚለው ጽሑፍ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የወገብዎ ጤንነት እንዲጠበቅ፣ የኮሚቴዎም ምክንያታዊነት ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

በተራ ቁጥር አሥራ አራት ሦስት ጊዜ የተስማማው
የቀድሞ ተማሪዎ

ግልባጭ፦
ለክፍል ተጠሪያችን፤ ቶሎ ቶሎ እንዲያነበው
ለፎቶ ኮፒ ቤቷ፤ በገጽ አርባ አንድ ቦታ እንዲገባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ከጨረስኩ በኋላ የሆነ ነገር ስላለ ሳልነግርዎ አልቀርም። የውሳኔውን ደብዳቤ ልቀበል የመጣሁ ዕለት ጸሐፊዎ፣ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይቺን ሙላልኝማ» ብላ የአገልግሎት አሰጣጥ አስተያየት መስጫ ቅጽ ሰጥታኝ ነበር። አሥር ጥያቄዎች ናቸው። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ እጄ እንደለመደው ከላይ እስከ ታች መስመሩን አወረደና ፈረመ። አንዱን ቅጂ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩና ለእህቴ ሰጠኋት፤ ጀርባው ባዶ ስለሆነ የደንበኛ ልኬት ትጽፍበታለች ብዬ ነው። እሷ ግን ዛሬ ልትጽፍበት ስታነሳው፣ ከመጻፏ በፊት ገለበጠችው፤ በጣቷ እየተከተለች አነበበችውና፣ «ይቺ ስምንተኛዋ ‹ጉዳዬ ሙሉ በሙሉ ስለተፈታ ተጨማሪ አቤቱታ የለኝም› ትላለች፤ አይተሃታል?» አለችኝ። ስለዚህ ከላይ የለመንኩዎት ሁሉ በራሴ ፊርማ ዋጋ የለውም፤ ይተዉት። ይልቅስ ለቀጣዩ ፈተና አራሚ ካነሰዎት ሱቋ ክፍት ነው። ኢኮኖሚክስ አታውቅም፤ ከአራተኛ ክፍልም አላለፈችም። ወረቀት ሲሰጧት ግን ትገለብጣለች።