ያልተሳለው ሥዕል

ቡታጅራ
ሐሙስ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፤ ጉንችሬ

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። እንደምን ከርመሃል? ልጆችህ፣ ጎረቤቶችህ፣ የጓሮው እንሰት እንዴት ናቸው? «እኛ ዘንድ ሁሉ ደኅና ነው» ብዬ ልጀምር ሁለት ጊዜ ብዕር አንስቼ ሁለት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። ደኅና የሆነው ብዙ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ደኅና ያልሆነውን ግን ዛሬ ካልጻፍኩልህ፣ ነገ የሚጽፍልህ እኔ ስለመሆኔ እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለ ዓይንህ ሰምቻለሁ። ባለፈው ወር ልጅህ ሃኒ ቡታጅራ ገበያ ላይ ከልጄ ከሰልሚያ ጋር ተገናኝታ ነበር። ሞራ ሁለቱንም ዓይንህን እንደሸፈነው፣ ወልቂጤ ብትሄድ በአጭር ጊዜ እንደምታይ፣ አንተ ግን «ሽማግሌ ፊት የሰጠሁትን ቃል በዓይን አልለውጥም» ብለህ እምቢ እንዳልክ ነገረቻት። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ ሃኒ ናት። ልጄ ሃኒ፣ አደራሽን፣ አንድም ቃል ሳትዘይ አንብቢለት። እየከበደሽ ቢሄድም አንብቢለት። አንቺም እንድትረዪው እርሱ የሚያውቀውን ጭምር እደግማለሁ።

ወንድሜ፣ ከአንድ እናት አልተወለድንም፤ በእምድብር ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ያደግን ነን። በ1986 ዓ.ም. እኔ ወልቂጤ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበርኩ፤ አንተ በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ የሚከማችበትን የኤግዚቢት ክፍል ቁልፍ የምትይዝ ሠራተኛ። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ የተያዘ ጠመንጃ ባረቀና የግቢው ዘበኛ ሰይዶ ሞተ። ከክፍሉ በሕይወት የወጣነው አንተና እኔ ነን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ «ልጃችሁ አምኗል፣ ከእጁ አምልጦት ነው» የሚል መልእክት ጉንችሬ ካሉት አጎቶችህ ዘንድ ደረሰ። አጎቶችህ አንተን አልጠየቁህም። እንደ አገራችን ደንብ ባዶ እግራቸውን ከሟች ወገኖች ፊት ቆመው «እጁ የኛ ነው» አሉ። አንድ ወገን ይህን ቃል ካወጣ በኋላ የማን ጣት እንደነበረ የሚጠይቅ ሽማግሌ የለም። ደም ደረቀ፤ ወገኖቹ ታረቁ። አንተም ሁለት ዓመት ታሰርክ፤ ስትፈታም የሟች ልጆች በሚውሉበት በወልቂጤ ከተማ እግርህ እንዳይረግጥ በሽማግሌ ፊት ቃል ገባህ። እኔ ከችሎት ወደ ችሎት ከፍ አልኩ። ሰዎች ስለዚያ ቀን ሲጠይቁኝ «ምስኪን፣ ጠመንጃው ከእጁ አመለጠው» እያልኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርኩ። ደግሞም እኔ ራሴ አምነው ነበር። ይህን ልብ በልልኝ፤ አምነው ነበር።

አሁን ወደሚያስገርመው ነገር ልውሰድህ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የከተማው ሰው ለወጣቶች የመሥሪያ ቦታ የሚሰጥ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎኛል። ካመለከቱት መካከል የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች አሉ፤ ሀሴት የምትባል ወልቂጤ የተማረች የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ፣ ወላጆቿ ከሰሜን የመጡ፣ እና ሙባሪክ የሚባል የመስቃን ልጅ፣ ሠዓሊ። መናኸሪያው አጠገብ ከአንድ የሞባይል ጥገና ቤት በላይ ባለች ክፍል ይሠራሉ። ግንቦት 19፣ ማክሰኞ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሥራቸውን ልመለከት ሄድኩ።

ጨዋታው እንደ ኮሚክ መጽሐፍ የተሣለ ነው። ጥላው ሁሉ በጥቁር ቀለም የተሰመረ፣ ፊቶቹ በብዕር የተጫሩ። ተጫዋቹ ራሱን አያይም፤ ከፊቱ የተዘረጉ ሁለት እጆችና አንድ ጠመንጃ ብቻ ያያል። ሲራመድ የእግሩ ኮቴ «ጧ፣ ጧ» የሚል ፊደል ሆኖ ከወለሉ ይነሣል። ሲተኮስ «ዷ!» የሚል ቀይ ጽሑፍ ግድግዳውን ይሸፍነዋል። ታሪኩ፣ አንድ ሰው መጋዘን ውስጥ ሲነቃ ስሙን አያስታውስም። ከተማው ሁሉ ገዳይ ነህ ይለዋል። እርሱ ግን ገድሎ እንደሆነ ወይም ሌሎች ተማክረው ጭነውበት እንደሆነ አያውቅም፤ እያሳደዱት ራሱን ይፈልጋል።

ጆይስቲኩን ሰጡኝና ተቀመጥኩ። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለው ጥይቱን ሁሉ ግድግዳ ላይ ጨረስኩት። ሀሴት «አባባ፣ ግድግዳው ምን በደለዎ?» አለችኝ። ሙባሪክም «ተዪያቸው፣ ክቡር ዳኛ ዕድሜ ልክ ፈርደውበት ነው» አለ። ወዲያው ተመትቼ ወደቅኩ። «አይዘኑ፣ እዚህ የሞተ መልሶ ይነሣል» ቢለኝ «በዚህ ዕድሜዬ ተነሥቼ ምን ልሠራ?» አልኩት፤ ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አልሳቅኩም።

ሁለተኛ ስነሣ ረጅም ኮሪደር ውስጥ ነበርኩ። ወለሉ የሚንቋቋ ጣውላ ነው። በግራ በኩል መዝገብ ቤት፣ ከእርሱ ቀጥሎ የጸሐፊዋ ክፍል፣ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ የብረት በር። ከበሩ በስተጀርባ ምን እንዳለ ሳልከፍተው አወቅሁ። ስከፍተው መስታወቱ ተሰብሮ በሳሙና ካርቶን የተደፈነ መስኮት አየሁ። ካርቶኑን የለጠፍከው አንተ ነህ ወንድሜ፤ ዝናብ መዝገቦቹን እንዳያበሰብስ። ከመስኮቱ ሥር የቀኝ ጫማውን ክር ሊያስር ያጎነበሰ ዘበኛ አለ።

«ዷ!» አለ።

ጨዋታው ቆመና ከፊቴ ሦስት የሥዕል ሳጥኖች ተደረደሩ። በመጀመሪያው የዘበኛው ጀርባ። በሁለተኛው የጠመንጃው አፈሙዝ። ሦስተኛው ነጭ ነው፤ ምንም አልተሣለበትም።

ያ የወልቂጤ ፍርድ ቤት ሕንፃ ከፈረሰ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እነዚህ ልጆች በ1986 ገና አልተወለዱም ነበር። ማን እንደነገራቸው ጠየቅኋቸው። ተያዩ። ሀሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ… እርስዎ ነዎት የነገሩን» አለችኝ።

ቀልድ መሰለኝ። እርሷ ግን አልሳቀችም። «ከመስከረም ጀምሮ ብዙ ማክሰኞ ይመጣሉ። እየተጫወቱ ይነግሩናል፤ ፈቅደውልን እንቀዳለን። የተቀመጡበት ወንበር የእርስዎ ነው» አለች። ዞሬ አየሁ። የወንበሩ መደገፊያ ላይ በጥር ወር ጠፋብኝ ብዬ ቤት ያመስኩበት ግራጫ ሹራቤ ተንጠልጥሏል። ሦስተኛው ሳጥን ለምን ባዶ እንደሆነ ስጠይቅ ሙባሪክ መሬት መሬት እያየ «እዚያ ጋ ሲደርሱ የሚነግሩን ይለያያል» አለኝ።

ተቆጥቼ ወጣሁ። ማን ልኳችሁ ነው፣ ማንስ ከፍሏችሁ ነው ብዬ ለክብሬ የማይመጥን ቃል ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሳምንት እንደዚያ ጨዋታ ነበር ብልህ ታምነኛለህ? ባጃጅ ስይዝ ሹፌሩ ወዴት ነው ሳይለኝ ቤቴ በር ላይ ያወርደኛል። መስጊድ ስወጣ የማላውቀው ሰው ጫማዬን አንስቶ ያቀብለኛል። ፋርማሲ ስገባ ሰልሚያና ባለሙያዋ ወሬ ያቋርጣሉ፤ ቫይታሚን ነው እያለች ጠዋት ጠዋት የምትሰጠኝን ነጭ ክኒን ስም ከብልቃጡ ላይ ልጣ አገኘሁት። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ገልብጬ ባይ ከጀርባቸው በልጄ እጅ ጽሑፍ «የመጀመሪያ ልጅህ»፣ «ባለቤትህ፣ ነፍሷን ይማር» ይላል። ከተማው ሁሉ በእኔ ላይ ተማክሯል አልኩ።

ተማክረውም ነበር። ሰልሚያን አፋጥጬ ስጠይቃት አለቀሰች። «አባዬ፣ የመርሳት ሕመም እንዳለብህ ሐኪሙ ከነገረን ሁለት ዓመት ሆነ። ለአንተም ነግረንሃል። ሦስት ጊዜ ነግረንሃል። በየጊዜው እንደ አዲስ ስትደነግጥ ማየት ስላልቻልን ተውነው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ተመልሼ ልጆቹን ይቅርታ ጠየቅሁና ቅጂዎቹን አዳመጥኩ። አሥራ አንድ ናቸው። በስምንቱ ውስጥ ጠመንጃው በአንተ እጅ ነው። ድምፄ ያማረ ነው፤ ፍርድ የማነብ ይመስላል፤ ቃላቱም ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው ንቅንቅ አይሉም። በሦስቱ ግን እንተባተባለሁ፣ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ ውኃ እጠይቃለሁ። በእነዚያ በሦስቱ ብቻ የጠመንጃው ማንገቻ የት ላይ ተበጥሶ በሲባጎ እንደተሰፋ፣ ምላጩ ምን ያህል ይላላ እንደነበር እናገራለሁ። ወደ አጎቶችህ የሄደውን መልእክተኛ ስምም የምጠራው በእነዚያ ነው፤ በማን እንደተላከም።

የሰው ምስክርነት ስመዝን ነው ያረጀሁት። በቃሉ የተጠና ምስክርና እያመመው የሚናገር ምስክር ቢቀርብልኝ የትኛውን እንደምቀበል ታውቃለህ። ጠመንጃ ያልያዘ ሰው ምላጩን አያውቅም። ሀሴትን ሦስተኛውን ሥዕል እንድታስለው አዘዝኋት። «የማንን ፊት?» አለችኝ። ሹራቡን አንስቼ ለበስኩና ሙባሪክ ፊት ተቀመጥኩ። እስኪጨርስ አልተንቀሳቀስኩም።

ያን ጊዜ ደም ካደረቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት ሸምሶ ብቻ ናቸው። ልጄ ይዛኝ ሄደን ነገርኳቸው። እርሳቸውም «እጅን የወሰደ ወገን እጁን የሚመልሰው በተቀበለበት ቦታ ነው» አሉ። ስለዚህ ሰኔ 14፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሰይዶ ልጆች ባሉበት ወልቂጤ እንቀመጣለን። እጁ የኔ ነው እላለሁ። አንተ ከከተማው መግቢያ፣ ከድልድዩ ማዶ ሆነህ ትጠብቃለህ፤ ቃልህ ሲነሣ ሸምሶ ራሳቸው መጥተው እጅህን ይዘው ያስገቡሃል። ሰኞ ሰልሚያ ሐኪም ቤት ትወስድሃለች፤ ቀጠሮህን ይዛለች።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ተነሥቼ በዚያ ባማረው ድምፄ የስምንቱን ቅጂ ቃል ብናገርስ? እንደማላውቅህ ሆኜ ሰላም ብልህና «ምስኪን፣ ከእጁ አመለጠው» ብልስ? ይህን ካደረግሁ አትመኑኝ። ለሸምሶም ለሰይዶ ልጆችም ነግሬአለሁ፤ ያን ጊዜ እኔን ያስቀምጡኝና ሥዕሉን ይመልከቱ። ሰልሚያ ይህ ደብዳቤ ሦስተኛው ነው ትላለች። ሁለቱን ጽፌ በማግስቱ ሳነባቸው «ይህን የሐሰት ወረቀት ማን ጻፈው?» ብዬ ቀድጃቸዋለሁ አለች። ስለዚህ ቀለሙ ሳይደርቅ ለጉንችሬ ሚኒባስ ሹፌር ልትሰጠው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ነገር ግን ትናንት ሀሴትና ሙባሪክ ቤቴ መጥተው ነበር። እጄን ስዘረጋለት ሙባሪክ በአፉ ብቻ «ወዓለይኩም ሰላም» ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ አኖረ። ከትናንት በስቲያ፣ ማክሰኞ፣ እነርሱ ዘንድ ሄጄ ነበር አሉኝ። አላስታውስም። አሥራ ሁለተኛ ቅጂ አለ፤ አርባ ደቂቃ ይረዝማል። ምን ጠይቃችሁኝ ነው አልኩ። ሀሴት ቀና ብላ ሳታየኝ «ዘበኛው በዚያ ሰዓት ያን በር ለምን እንደከፈተ፣ ከፍቶስ ምን እንዳየ ነው የጠየቅንዎ» አለችኝ። አጥፊው ብላት ታጠፋው ነበር፤ ዓይኗ ይለምነኝ ነበር። በፍላሽ አድርጋ ለሸምሶ እንድትልከው አዘዝኋት። ቅዳሜ በሁሉ ፊት ይከፈታል።

እኔ አልሰማሁትም። ምን እንዳለበትም አላውቅም። አንተ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ነበርክ ወንድሜ። በፍርድ ቤት ጥያቄ በተጠየቅህ ቁጥር «አምልጦ ነው» ብቻ እያልክ ሌላ አንድ ቃል ሳትጨምር ሁለት ዓመት መታሰርህን አሁን አሁን አስባለሁ። ምናልባት ጥይቱ ከእጄ ያመለጠ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተተኮሰ እንደነበር ታውቅ ነበር። አመስግኜህም አላውቅም።

አላህ የዓይንህን ብርሃን ይመልስልህ። ቤትህን ይባርክ፤ ይህን ያነበበችልህን ልጅ ዕድሜ ያርዝምልህ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የምታየው የሃኒን ፊት ይሁን። የእኔን አይሁን።

እስከ ቅዳሜ ድረስ፣
ወንድምህ