ሞጣ መናኸሪያ ላይ የተሰቀለው ፎቶ

ሰኞ

ሰቀሉት። የሙሉቀንን ፎቶ፣ በር በሚያህል ባነር ላይ፣ ሞጣ መናኸሪያ መግቢያው ላይ ሰቀሉት። አያ ደሴ ደውለው ነው የነገሩኝ። ሁለቱን ቤተሰብ ለማስታረቅ ከሚመላለሱት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። «ልጄ፣ ምን ነካችሁ? ልፋታችንን ገደል ከተታችሁት» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ንዴቴ እስኪበርድ ልጻፈው። ሙሉቀን በእርሻ ድንበር ጠብ የጎረቤቱን ልጅ አበጀን ገድሎ ብቸና ማረሚያ ቤት ገባ። ስምንት ዓመት ሆነው። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ እየገባሁ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ፤ የሚቀጥረኝ ባነሩን የሰቀለው በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደሱ ያለ እጅ አላየሁም። ዓርብ በአመክሮ ይፈታል። ግን አገሩ ሞጣ ነው፣ የአበጀ እናትም ሞጣ ናቸው፣ ደሙም ገና አልደረቀም። እርቁ እስኪያልቅ ሞጣን እንዳይረግጥ ተባብለዋል። የእርቁ ቀን ደግሞ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ገብቶ እናትዮዋ እግር ላይ ይወድቃል። ወጉ ይኸው ነው።

ይኸ ሰው ነው እንግዲህ መላጊያ ይዞ፣ ጥርሱ እየታየ፣ እናትዮዋ በሚያልፉበት መንገድ ላይ የተዘረጋው። ከሥሩ «አዲስ ሕይወት ጀመረ» ይላል። አበጀ ግን አልጀመረም።

ማክሰኞ

ለዳዊት ደወልኩ። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ነው፤ ባሕር ዳር ተቀምጦ ነው የሚያስተባብረን። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። «መምህርት፣ ኅብረተሰቡ እንዲቀበለው እኮ ነው። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ የመሥሪያ ዕቃውን እዚያው ሕዝብ ፊት እናስረክበዋለን» አለኝ። ደመኛ አለው አልኩት። «ፍርዱን ጨርሷል አይደል?» አለ። ፍርድ ቤቱ ጨርሷል። እናትዮዋ አልጨረሱም። ይህን በስልክ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ጮህኩበት። «ፎቶው እንዲወጣ ራሱ ፈርሟል» ብሎ ዘጋው።

የፈረመው ለሪፖርት ነው። አውቃለሁ፤ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። ፎቶውንም ያነሳሁት እኔው ነኝ፣ የማረሚያ ቤቱን ኃላፊ አስፈቅጄ፣ በገዛ ስልኬ። ሙሉቀን አልስቅም ብሎኝ ነበር። «እንዴ፣ ለቅሶ ቤት አስመሰልከው እኮ፤ ሳቅ በል» አልኩት። የብቸና ልጅ ሆኜ፣ እርቅ ሲደረግ እያየሁ አድጌ፣ ይህ እንዴት አልታየኝም? ዳዊትስ አላወቀም ይባል። እኔን ምን ይሉኛል?

ረቡዕ

ለሙሉቀን መንገር ነበረብኝ። ወርክሾፑ ውስጥ አንድ ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ አገኘሁት። ነግሬ እስክጨርስ ቀና አላለም። «እሳቸው አይተውታል?» አለ። አላውቅም አልኩት። «እየሳቅሁ ነው?» አዎ አልኩት። ወረቀቱን አስቀመጠ። «እንግዲያ አልውጣ መምህርት። ለኃላፊው ይንገሩልኝ፣ እዚሁ ልቆይ።» ስምንት ዓመት ቀን ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ።

የሚያስጨንቀኝን ልዘርዝረው። አንደኛ፣ ሽማግሌዎቹ ከእንግዲህ እጃቸውን ሊያነሱ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ አበጀ ወንድም አለው፤ እስካሁን የታገሠው ለእናቱ ቃል ብሎ ነው። ሦስተኛ፣ ሙያ ያስተማርነው ሰው ሙያውን የሚሠራበት አገር ላይኖረው ነው። ሁለት ዓመት የደከምኩት ለዚህ ነው?

ወደ ማምሻው ዳዊት መልእክት ላከ። «ለአለቆቼ አቅርቤዋለሁ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ምላሽ ይሰጣሉ።» በሁለት ሳምንት! ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት።

ሐሙስ

እየተዘጋ የሚያስቸግረው መንገድ ዛሬ ክፍት ነው ሲሉኝ ጊዜ ሳላጠፋ ሞጣ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ በርና መስኮት ከሚሠሩ ልጆች መሰላል ተዋስኩ። ዘበኛው መጣ። «ደብዳቤ አለሽ?» አለኝ። ቢላ አለኝ አልኩት። ገመዱን ቆርጬ አወረድኩት፣ ጠቅልዬ በብብቴ ያዝኩት። ዳዊት ማን እንደነገረው እንጃ፣ ወዲያው ደውሎ «የድርጅቱን ንብረት ነው ያበላሹት» አለኝ። ክሰሱኝ አልኩት። ከሰኞ ወዲህ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው።

ደስታው አያ ደሴ ቤት እስክደርስ ነበር። እማማ የውብዳር፣ የአበጀ እናት፣ ሰኞ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አይተውታል። ሽማግሌ ደጄ እንዳይደርስ ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል አሉኝ፦ «ምን አሳቀው?» ይህን ሽማግሌ አይመልሰውም፣ እኔን ይውሰዱኝ አልኳቸው። «ሽማግሌ የመለሰች ሴት አንቺን ትቀበላለች?» አሉ። ግን ጫማቸውን አደረጉ።

ዓርብ

የትናንቱን ቀሪ ትናንት መጻፍ አቃተኝ። እማማ የውብዳር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ግቢ አላሉኝም፣ ሂጂም አላሉኝም። እንደቆምኩ ነገርኳቸው። ሳቅ በል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ እምቢ ብሎ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። ምስሩን መልቀማቸውን አላቆሙም። እየለቀሙ ተናገሩ።

«አበጀ ፎቶ የለውም። አንድም ቀን አልተነሳም። ከዓመት ወዲህ ፊቱ እየጠፋኝ ነው፤ መጣልኝ ስል ይሄድብኛል። እናንተ የገደለውን ቁልጭ አድርጋችሁ መንገዴ ላይ ሰቀላችሁልኝ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣው እሱ ነው።»

ወደ ብቸና ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት ሰው በሰው ላይ ሲጭን እንኳ ዝም አልኩ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አልለቀውም ነበር።

ሙሉቀን ዛሬ ተፈታ። ልቆይ ቢልም ማንም አልሰማው። ለጊዜው እዚሁ ብቸና አጎቱ ዘንድ ገብቷል።

እሁድ

ሙሉቀን ሞጣ ስለማይሄድ የሞጣው ርክክብ ቀረ። የመሥሪያ ዕቃውን ሣጥን ትናንት አጎቱ ግቢ ውስጥ እኔው አስረከብኩት፤ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ሁለት መዶሻ። ዳዊት ለሪፖርት ፎቶ ይላኩልኝ አለ። የሣጥኑን ላክሁለት። «ሰውየውስ?» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አያ ደሴ ደወሉ። እማማ የውብዳር ራሳቸው አስጠርተዋቸዋል። «ይምጣ ብላለች» አሉኝ። «ቀኑን አልቆረጠችም። የአበጀ ወንድምም ገና እሺ አላላትም። አንድ ነገር ግን ቆርጣለች። ድንጋዩን ተሸክሞ ሲገባ ፊቱን በጋቢ ይሸፍን ብላለች። ፊቱን አይቼዋለሁ፣ ድምፁን ብቻ ያሰማኝ ብላለች።»

ሙሉቀን ጋቢ የለውም። የአባቴን አጥቤ አስጥቼዋለሁ።