ከመቶ አንዲት እጅ

ለተከበሩ አቶ ይታያል፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ከነቤተሰብዎ፣ ከነከብትዎ፣ ከነፓውዛዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በብርሃንዎ ዓይናችንን ከመጨፈናችን በቀር ደኅና ነን።

አዲሱን ኮከብ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። እርግጥ ፈረንጆች ቀድመውኛል፤ ፀደንያ ጣቷን ቀስራ እስክታሳየኝ ድረስም ሌላ ኮከብ ላይ አፍጥጬ ነበር። ቢሆንም ከማታ ተማሪዎች አንደኛ ነኝ።

ፀደንያን ያውቋታል፤ ዩኒቨርሲቲ የገባችው የወይዘሮ አሰገደች ልጅ፣ በክረምቱ እጃችንን ይዛ ፊደል ያስጻፈችን። የመመረቂያ ጥናቷ ፈንድቶ በመክሰም ላይ ባለ ኮከብ ላይ ነው። እንዳስረዳችኝ፣ ብርሃን እንደ አምበር ከተማ ገበያተኛ ወደየአቅጣጫው እየተጋፋ ይርገበገባል፤ ጥቂቱ ግን ተስማምቶ በአንድ አቅጣጫ ይርገበገባል። በቴሌስኮፗ ላይ እንደ ሾፌር መነጽር ያለ ጥቁር መስታወት እያዞረች ያንን ጥቂት ትለካለች፤ ኮከቡ ድቡልቡል ሆኖ ይፈንዳ ተጣሞ የምታውቀው በዚህ ነው። የምትጠብቀው ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ነው። ከከሰመ ደግሞ ተመልሶ አይፈነዳላትም።

እንግዲህ ቁጥርም ስለተማርሁ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በጽሕፈት ቤቱ ጣሪያ ላይ ስላሰቀሉት ፓውዛ። የሚጠብቀው አንድ የተሰበረ ወንበርና የራስዎን ፎቶግራፍ ቢሆንም፣ ብርሃኑ ልጅቱ ቴሌስኮፗን ከተከለችበት ጉብታ ድረስ ወጥቶ፣ ከጭጋጉ ጋር ተላትሞ፣ ከኮከቡ ጋር አብሮ ተለክቷል። ሰማይ ለካሁ ብላ እርስዎን ለክታለች። ስምዎ ይታያል ሆኖ ሳለ ከእርስዎ በቀር ምንም እንዳይታይ ስላደረጉ እናመሰግናለን።

፪ኛ. ለጥቂት ምሽት ይጥፋልኝ ብላ ስትለምን ጉዳዩን ለሕዝብ ስላቀረቡልን። ፓውዛው ይጥፋ ማለት ልማት ይጥፋ ማለት ነው ብለው አስረዱንና፣ ይብራ የምትሉ እጅ አውጡ አሉን። አንድ ሳይቀር ወጣ። ያ ምስኪን ኮከብ ፈንድቶ እንኳ የሚስማማው ከመቶ አንድ እጅ ነው፤ እኛ ግን ምንም ሳንፈነዳ ከመቶ መቶ እጅ ተስማማን።

፫ኛ. ይህኛው ምስጋና አይደለም። በስብሰባው ዋዜማ ለልጅቱ፣ አይዞሽ፣ ተነሥቼ በተናገርሁ ጊዜ ሊቀመንበሩ መግቢያ ያጣል ብዬ ፎክሬ ነበር። በስብሰባው ላይ የእኔም እጅ ወጥቷል። ያወጣሁት ጆሮዬን ለማከክ ነበር፤ እርስዎ ግን ቆጠሩት። እሷም ከበሩ አጠገብ ቆማ አየችው። አይ ጋሼ እንዳላማው ብላ ብቻ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእናቷ ደጅ ማለፍ አፍሬ በወንዙ በኩል እዞራለሁ።

ኮከቡ ገና ጨርሶ አልከሰመም። ስለዚህ ለጥቂት ምሽት ፓውዛውን እንዲያጠፉልን እጅ ነስቼ እለምናለሁ። ለመፈራት ብርሃን አያስፈልግዎትም፤ በጨለማም እንፈራዎታለን።

ይህን በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ለጥፎ፣ ለፓውዛዎ ምስጋና ይግባውና ሲመሽም እንዲነበብ ያደረገ፣ ፊደል ተምሮ አውራ ጣቱን ከአሻራ ቀለም ያሳረፈ፣ ዝቅ ብሎ አክባሪዎ፣

እንዳላማው ቢተው
ጥቅምት ፳፻፬ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጆሮዬን አላሳከከኝም። ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የእኔ እጅ ነበር፤ «ሀ»ን ስታስጽፈኝ የያዘችው ይኸው እጅ። ሌላው ሁሉ እውነት ነው። እባክዎ ሌላ ስብሰባ ይጥሩ፤ ዘጠና ዘጠኝ እጅ ይበቃዎታል።