አመድ የመሰለው አስትሮይድና የእማዬ ዓይን

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቴፒ ካምፓስ
መብራት አለ! ደብተሬ፣ ዛሬ ወሬዬ አያልቅም። አስትሮይዱ ዘንድ የተላከችው የጠፈር መንኮራኩር ያነሳቻቸው ሦስት ፎቶዎች ከኢንተርኔት ወርደው አለቁ። ሁሉም ጥቁርና ነጭ፤ አንዱ በቀይ ፊልተር የተነሳ፣ አንዱ በአረንጓዴ፣ አንዱ በሰማያዊ። ደራረብኳቸው። ያ አመድ የመሰለ አስትሮይድ፣ ፀሐይን የሚዞር የድንጋይ ክምር፣ ቀለም አወጣ! በየድንጋዩ ጠርዝ ሰማያዊ። ጮህኩ። የላብራቶሪው ጥበቃ ጋሽ ወልዴ ምን ነካሽ ብለው ገቡ።

አማካሪዬ መ/ር ዳዊት ዓርብ በትምህርት ክፍሉ ፊት ሳቀርበው ያየዋል። እውነተኛ የቀለም ልዩነት ካላሳየሁ የመመረቂያ ርዕሴ ይቀየራል። ግን አገኘሁ። ማን እንደ እኔ!

ማክሰኞ። ማታ 3 ሰዓት
እማዬ ከቡና ማድረቂያው ገባች። ላፕቶፑን አዞርኩላት። ዓይኗን አጥብባ አየች። ዕድሜዋን ሙሉ የቡና ፍሬ በቀለም የለየች ሰው እንዲህ ስታይ ያስፈራል። ሦስቱ ባንዴ ነው የተነሱት? አለች። አይ፣ ፊልተሩ እስኪቀየር ደቂቃዎች ያልፋሉ አልኳት። እሷ ቡና ስትለይ ጥላ ውስጥ ያለ ፍሬ ፀሐይ ላይ ካለው ጋር አታስተያይም፤ ባንድ ብርሃን፣ ጎን ለጎን ብቻ።

«ድንጋይሽ ቆሞ ይጠብቃል እንዴ?»

አይጠብቅም። ይሽከረከራል። ፊልተሩ እስኪቀየር ዞሯል፣ ጥላው ሸሽቷል፤ እኔ ሳላስተካክል ደረብኩት። የጮህኩለት ሰማያዊ የጥላ ትርፍራፊ ነው። አፈርኩ። እራት አልበላሁም። (በላሁ፤ ትንሽ።)

ሐሙስ። ከሰዓት 9 ሰዓት
ሁለት ቀን ሙሉ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣ የሦስቱን ፎቶዎች ድንጋይ ከድንጋይ ሳገጣጥም። ሰማያዊው እየረገፈ አለቀ። ሁሉም አመድ። ርዕሴን ተሰናበትኩ።

ከዚያ የእማዬ ዘዴ ትዝ አለኝ። ባንድ ብርሃን ያሉ ሁለት ጎረቤት ድንጋዮች መርጬ አስተያየሁ። አንዷ ከጎረቤቷ ይልቅ ሰማያዊ ናት! ጠርዟ ብቻ ሳይሆን ሁለመናዋ። መንኮራኩሯ ሌላ ቀን ያነሳቻቸውን ከፈትኩ። እዚያም ሰማያዊ። ደብተሬ፣ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ጠረጴዛ መታሁ። ጋሽ ወልዴ እንደገና ገቡ፤ አሁን ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና አሳዪኝ አሉ።

ሐሙስ። 1 ሰዓት፣ እራት ሳይቀርብ
ወስኛለሁ። ነገ መጀመሪያ የማሳየው የተበላሸውን ፎቶ ነው። ስህተቱን ማን እንዳገኘውም በሁሉ ፊት እናገራለሁ። እማዬ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳለች፤ ፊት ወንበር ትቀመጣለች። አሁን ቁምሳጥኑን ከፍታ ምን ልልበስ ትላለች።

ሰማያዊውን አልኳት።