ከሃያኛው ቀን በፊት ለመጣ ምጥ የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኝልዎታለሁ፤ ጤናዎም ማኅተም የማይጠይቅ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የማይባል ይሁንልዎ። እኔ ከገበያው ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ እህቴ፣ ስለ መምህርቷ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው፤ ምጧ እርስዎ ከፈቀዱት ቀን ዘጠኝ ቀን ቀድሞ በመምጣቱ መሥሪያ ቤትዎን አስቸግረናል።

አንደኛ፣ የእንግዴ ልጁ የማኅፀኗን በር ስለዘጋ፣ በቀዶ ጥገና ካልሆነ እንዳትወልድ ሐኪም አዝዞ ነበር። ስድስት ዓመት መዋጮዋን ሳታጓድል የከፈለችው እህቴም ደንቡን አክብራ ወደ እናንተ መጣች፤ እናንተም ከወሩ ሃያኛ ቀን ጀምሮ ለዐሥር ቀን የሚያገለግል የሆስፒታል ደብዳቤ ሰጣችኋት። እንዳይቀደድባት በፕላስቲክ አድርጋ በቦርሳዋ ይዛው ትዞር ነበር። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ሲባል እሰማ ነበር፤ ጽሕፈት ቤት ለእናት የምጥ ቀን ሲያስተምር ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው።

ሁለተኛ፣ በዐሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት እያስተማረች ሳለ ደም ፈሰሳት። ባሏ ሾፌር ነውና መንገድ ላይ ነበር፤ የተጠራሁት እኔ ነኝ። የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ቀኑ አለመድረሱን በትሕትና ነገረን፤ ቢያስገባት ከደመወዙ እንደሚቆረጥበትም አልደበቀንም። እሷን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ እናንተ ሮጥሁ።

ሦስተኛው ምስጋና ነው። ወንበር ሰጥታችሁኛል። ጸሐፊዎ ጨዋ ልጅ ናት፤ ቀኑን ለማስተካከል ምጡ መጀመሩን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ብቻ እንደሚያስፈልግ አስረዳችኝ። ሐኪሙ ያለ እናንተ ደብዳቤ እንደማያያት ስነግራት ከልቧ አዘነች። «እትዬ፣ እኔስ ምን ላድርግ? ቀኑን የሚሰጠው ሲስተሙ ነው» አለችኝ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ስመለስ ጽዳት ሠራተኛዋ አግዳሚውን እየወለወለች ነበር። አንዲት ነርስ ወረቀት ሳትጠይቅ አስገብታታለች። ሕፃኗን አተረፏት፤ ለእህቴ ግን አልደረሱላትም። በእጄ ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ይህን በጨዋ አነጋገር የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

አራተኛ፣ ድፍረት ካልሆነብኝ አንድ የሙያ ምክር። እኛ ልብስ ሰፊዎች ልክ ስንወስድ ሜትሩን ብቻ አናምንም፤ ሰው ይወፍራል፣ ጨርቅም ሲታጠብ ይሰበሰባል። ስለዚህ ከስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ እንተዋለን። ለአንድ ቀሚስ የምንተወውን ያህል እናንተም ለአንዲት ወላድ ትታችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ሁሉ አስነብቤ ጊዜዎን ባልተሻማሁ።

በመመሪያዎ ፊት ጎንበስ ብዬ የምሰናበትዎ፣
ያለ ቀኗ የመጣችው ሕፃን አክስት፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሃያኛው ቀን ጠዋት፣ ለሕፃኗ ጡጦ እየሰጠሁ ሳለ የእህቴ ስልክ ጮኸ። ከመሥሪያ ቤትዎ የተላከ መልእክት ነው፤ «የተከበሩ አባላችን፣ የወሊድ አገልግሎት ደብዳቤዎ ከዛሬ ጀምሮ ይሠራል» ይላል። እህቴ ከተቀበረች ሳምንት አልፏት ነበር። መልእክቱ ግን ቀኑን አላዛነፈም፤ ቀን በማክበር ከእህቴ እንደምትበልጡ አምኛለሁ።