ያላነሳሁት ፊት

ደባርቅ፣ ጥቅምት 1949 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለሐረገወይን፤

ክረምቱን እንደምን አለፍሽው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሸጋ ነኝ።

ሰውን ሳላጫውት ፎቶ እንደማላነሳ ታውቂያለሽ። ድሮ ፈገግታውን አይቼ ነበር የማነሳው፤ አሁን ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ ጠይቄ ሳቁን ስሰማ ነው። ትናንት ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ «ምነው ልጄ፣ ካሜራህን ወደ አህያዬ አዞርኸው? እኔ እዚህ ነኝ» ብለው ገበያተኛውን አሳቁት። ፀሐዩ ዐይኔን ወጋኝ አልኳቸው።

ይህን እኔ እየነገርኩት የሚጽፍልሽ ደብተራ ውዱ ነው፤ የደባርቅ ብርድ ጣቴን ይዞታል።

ስንቱን መንገደኛ ሳነሳ ኖሬ፣ ያንቺን ፊት «የቤት ሰው የት ይሄዳል» እያልኩ አለማንሳቴ ይቆጨኛል። ለገና ካሜራዬን ይዤ እመጣለሁ። አደራ፣ ስደርስ ፀሐይ ላይ ቁሚልኝ፤ ከሰውም ሁሉ ቀድመሽ በስሜ ጥሪኝ።

እስከዚያው እመብርሃን ትጠብቅሽ።

ወንድምሽ ክንዱ